ፓርስኒፕ፦ የትኛውን ዝርያ ልምረጥ? መቼስ ልዝራው?

ጀማሪው_ጓሮ

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ዓመት ፓርስኒፕ ልዘራ ነው። ካሮትና ቀይ ሥር አብቅቼ አውቃለሁ፣ ፓርስኒፕ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ለማታውቁት፣ ካሮት የሚመስል፣ ነጣ ያለ፣ ሲበስል የሚጣፍጥ ሥር ነው። ከካሮት፣ ከድንብላልና ከእንስላል ጋር ቤተሰብ ነው።

ሦስት ዓይነት ዘር ይዣለሁ። ሆሎው ክራውን፣ ዋይት ጄም እና ግላዲያተር። ሦስቱም ፓኬት ላይ የተጻፈው የመዝሪያ ጊዜ አንድ ነው፤ ከፌብሯሪ እስከ ሜይ። አራት ወር እኮ ነው! ብርድ ላይ ይጀምርና ሙቀት ላይ ያልቃል። ታዲያ ከየትኛው ጫፍ ልጀምር?

መደቤ እንዲህ ነው። ላይኛው አፈር አንድ አካፋ ጥልቀት ድረስ ልስልስ ነው። ከዚያ በታች ጠንካራ ዋልካ ይመጣል፣ ጠጠርም አለበት። ለእንዲህ ዓይነት አፈር የትኛው ዝርያ ይሻላል? መቼ ልዝራ? ችግኝ በትሪ አፍልቼ ባዛውረውስ? የምታውቁ ንገሩኝ።

አፈር_አንባቢ

ሰላም ወንድሜ። ፓኬቱ ላይ ያለውን ወር ለጊዜው እርሳው። ፓርስኒፕን የሚያበቅለው የአፈሩ ሙቀት ነው።

ዘሩ በጣም ዘገምተኛ ነው። አፈሩ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ ለመብቀል ሁለት ወር ገደማ ይፈጅበታል። 10 ዲግሪ ላይ ወደ አራት ሳምንት ይወርዳል። 15 ዲግሪ ላይ ሦስት ሳምንት አይሞላም። 20 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነገሩ ይገለበጣል። 30 ዲግሪ ላይ ተመልሶ አንድ ወር ይወስድበታል፣ የሚወጣውም ያንሳል። 35 ላይ ምንም አትጠብቅ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። ብርዱ ራሱ ዘሩን አይገድለውም። በቤተ ሙከራ 5 ዲግሪ ላይ እንኳ አብዛኛው ዘር በመጨረሻ ይበቅላል። የሚጎዳው የቆይታው ርዝመት ነው። ዘሩ በቀዝቃዛና በረጠበ አፈር ውስጥ ሁለት ወር ሲተኛ ሻጋታ ያገኘዋል፣ ትል ያገኘዋል፣ ከባድ ዝናብ ይዞት ይሄዳል፣ አረም ቀድሞት ይወጣል። ስለዚህ ፌብሯሪ ላይ የዘራና ኤፕሪል ላይ የዘራ ሰው ብዙ ጊዜ ቡቃያ የሚያዩት በተቀራረበ ጊዜ ነው። ልዩነቱ፣ የኤፕሪሉ መስመር ሙሉ ሆኖ ይወጣል፣ የፌብሯሪው ይቦጫጨቃል።

ሙቀቱን ለመለካት ተራ የአፈር ቴርሞሜትር ይበቃል። 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አስገባው። ጠዋት ለካ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የላዩን አፈር ስለምታሞቀው ያታልላል። አንድ ቀን ብቻ አይተህ አትወስን። ለተከታታይ ቀናት 10 ዲግሪ ገደማ ከቆየና ወደ ላይ እየሄደ ከሆነ ዝራ። ቴርሞሜትር ከሌለህ አረሙን እይ። መደቡ ላይ የአረም ቡቃያ በብዛት መውጣት ሲጀምር አፈሩ ነቅቷል ማለት ነው።

ትሪውን ግን ተወው። ፓርስኒፕ መጀመሪያ የሚያወጣው ቀጥ ብሎ የሚወርድ ዋና ሥር ነው። ቅጠሉ ገና ብቅ ሲል ሥሩ ብዙ ርቀት ወርዷል። የትሪው ወለል ላይ ሲደርስ ይጠመዘዛል፣ ስታዛውረው ጫፉ ይቆረጣል። ጫፉ የተቆረጠ ሥር ደግሞ ይቀነጠባል፣ ሁለት ሦስት እግር ያወጣል። ቦታው ላይ ዝራው።

ረጅም_ሥር

በአንድ ነገር አልስማማም አፈር_አንባቢ። ሁሉም ሰው ዘግይቶ ይዝራ ከተባለ ረጅምና ወፍራም ሥር የሚፈልገው ምን ይሁን? ፓርስኒፕ ጊዜ የሚበላ አትክልት ነው። ከዘር እስከ መንቀል ቢያንስ አራት ወር ይፈልጋል፣ ትልልቅ ሥር ለሚሰጡት ዝርያዎች ደግሞ ከዚያም በላይ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚገኘው እድገት ሥሩ ወደ ታች የሚወርድበት ነው። እሱን ካጣህ በኋላ አትመልሰውም።

እኔ የምዘራው ቴንደር ኤንድ ትሩን ነው። የቆየ ዝርያ ነው፣ ረጅም ነው፣ ቆዳው ለስላሳ ነው፣ መሃሉ ላይ ያለው ጠንካራ ክፍል ቀጭን ነው። ለውድድር የሚያበቅሉ ሰዎች ስሙን የሚያነሱት በከንቱ አይደለም። አዘራሬም እንደ ተራው አይደለም። ድጅኖ እወስድና መሬቱ ላይ እተክለዋለሁ፣ ዙሪያውን እያዞርኩ አሰፋዋለሁ። ከላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰፊ፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ፣ 60 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይወጣል። በወንፊት የተነፋ አፈር፣ አሸዋና ያረጀ ኮምፖስት ቀላቅዬ እሞላዋለሁ። በትንሹ ጠቅጠቅ አደርገዋለሁ፣ አለዚያ ውሃ ሲጠጣ ይሰምጣል። ከላይ ሦስት ዘር አስቀምጣለሁ፣ ከበቀሉ በኋላ ጠንካራውን ብቻ አስቀራለሁ። ሥሩ የጉድጓዱን ቅርጽ ይዞ ይወርዳል።

ብርዱን በተመለከተ፣ መደቡን ከመዝራቴ በፊት ለሁለት ሦስት ሳምንት በፕላስቲክ እሸፍነዋለሁ። ከዘራሁ በኋላም ስስ የአትክልት ጨርቅ አለብሰዋለሁ። አፈሩ ቶሎ ይሞቃል። ቀደም ብሎ መዝራት የሚያዋጣው እንዲህ ለሚደክምለት ሰው ነው።

አፈር_አንባቢ

@ረጅም_ሥር "ቀደም ብሎ መዝራት የሚያዋጣው እንዲህ ለሚደክምለት ሰው ነው"

እዚህ ላይ ከሆነ ተስማምተናል። መደቡን ሸፍነህ ስታሞቀው አንተም የምትዘራው በሞቀ አፈር ነው፤ ወሩ ብቻ ነው ቀደም ያለው። እኔ የተቃወምኩት ራቁቱን የሆነ፣ ውሃ ያቋጠረ፣ ቀዝቃዛ መደብ ላይ ፌብሯሪ ስለሆነ ብቻ መዝራትን ነው።

ጀማሪው_ጓሮ የጠየቀው ግን ስለ ተራ መደብ ነው። ለእሱ እንዲህ ነው የምለው። ከመጨረሻው ተነስተህ ወደ ኋላ ቁጠር። ባለህበት ውርጭ መቼ ነው የሚጀምረው? ከዚያ ወደ ኋላ አምስት ወር ተመለስ። አፈሩ በዚያ ጊዜ ሞቆ ከሆነ ጥሩ። ካልሞቀ ጠብቅ። አራት ወር ከቀረህም ይበቃሃል፣ ሥሩ ትንሽ አነስ ይላል እንጂ። ሜይ ላይ የተዘራ ፓርስኒፕ መካከለኛ ሥር ይሰጣል። ለድስት ደግሞ መካከለኛው ይሻላል፤ ከመጠን በላይ የወፈረ ሥር መሃሉ እንጨት ይሆናል።

ዘግይቶ መዝራት ሌላ ጥቅምም አለው። አነስ ያለ ሥር ካንከር በሚባለው በሽታ የመያዝ ዕድሉ ይቀንሳል። ስለ ዝርያ ሲነሳ ይህን ማንሳት አይቀርም፤ እትዬ_መደብ ካሉ እሳቸው ቢያብራሩት ይሻላል።

አንድ የዘነጋሁት፦ ከምድር ወገብ በታች ያላችሁ ወሮቹን ገልብጧቸው። የእናንተ ጸደይ ሴፕቴምበር ላይ ነው የሚገባው።

እትዬ_መደብ

አለሁ ልጆቼ። ስለ ዝርያ ልጻፍላችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ጀማሪው ልጄ፣ ዝርያ ስትመርጥ መጀመሪያ የምታየው የአፈርህን ጥልቀት ነው። ሆሎው ክራውን የድሮ ዝርያ ነው፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚዘራ። የቅጠሉ መነሻ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ነው ስሙን ያገኘው። ጣዕሙ ግሩም ነው። ግን ሥሩ በጣም ረጅም ነው፣ ጥልቅና ልስልስ አፈር ይፈልጋል። አንተ በነገርከኝ መደብ ላይ ዋልካው ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ወይም ይቀነጠባል። ካንከርንም ብዙ አይቋቋምም። ያንን ፓኬት ለጥልቅ ሳጥን ወይም ለረጅም_ሥር ድጅኖ አቆየው።

ዋይት ጄም ላንተ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ከላይ ሰፋ ብሎ ወደ ታች ቶሎ የሚጠብብ፣ አጠር ያለ ሥር ነው። ከባድ አፈር ላይ ይሆናል፣ ካንከርንም ይቋቋማል፣ ለመንቀልም አያስቸግርም። ረጅሙን ፓርስኒፕ ከዋልካ ውስጥ ለማውጣት የታገለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ግማሹ መሬት ውስጥ ይቀራል።

ግላዲያተር ኤፍ ዋን ድቅል ነው፣ ማለትም ሁለት የተለያዩ ወላጆችን በማዳቀል የተገኘ የመጀመሪያ ትውልድ። ከፓርስኒፕ ድቅሎች ቀደምቱ እሱ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሥሮቹ እኩል እኩል ይወጣሉ፣ ቆዳው ለስላሳ ነው፣ ካንከርን በደንብ ይቋቋማል። ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ይላል። ጥልቀት ግን ከዋይት ጄም የበለጠ ይፈልጋል።

ከእነዚህ ውጭ ልታውቃቸው የሚገቡ አሉ። ኤቨንሬዚስተር በእንግሊዝ አገር ዌልስቦርን በሚገኘው የአትክልት ምርምር ጣቢያ ካንከርን እንዲቋቋም ተብሎ የወጣ ነው። ሥሩ ትንሽና ወፈር ያለ ነው። ስለሚያንስ አቀራርበህ፣ በ8 ሴንቲ ሜትር ርቀት ልትዘራው ትችላለህ። ጃቭሊን ቀጭንና ቀጥ ያለ ድቅል ነው። አልቢየን ደግሞ ነጭነቱን የሚጠብቅ ነው፤ ሌሎቹ ከታጠቡ በኋላ ቆዳቸው ይጠቁራል። ሃሪስ ሞዴል አሜሪካኖች የሚወዱት የቆየ ዝርያ ነው። አፈራቸው ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ ሰዎች ክራል ራሽያንን ይፈልጉ፤ ቅርጹ ክብ ነው፣ ቀይ ሥርን ይመስላል።

አንዱን ታሪኩን ሳልነግርህ ባልፍ ቅር ይለኛል። ስቱደንት የሚባል ዝርያ አለ። ጄምስ በክማን የሚባሉ ፕሮፌሰር በእንግሊዝ አገር ሳይረንሰስተር በሚገኘው የግብርና ኮሌጅ ያስተምሩ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1847 ከዱር ፓርስኒፕ ዘር ለቀሙ። የዱሩ ሥር ቀጭን፣ እንጨት የበዛበትና የሚቀነጠብ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ዘሩት፣ ከበቀሉት ውስጥ የተሻለውን መረጡ፣ ከእሱም ዘር ያዙ፣ ደግመው ዘሩ፣ ደግመው መረጡ። በ1860 ለገበያ ቀረበ። እስከ ዛሬ ይሸጣል፤ በጣዕሙ ብዙዎች ከሁሉ በላይ ያደርጉታል። አሥር ዓመት ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ የዱር ሥር ወደ ማዕድ ገባ። አትክልት ሁሉ የመጣው በእንዲህ ዓይነት ትዕግሥት ነው።

ባጭሩ፦ መደቡ ላይ ዋይት ጄም። ቦታ ከተረፈህ ጥቂት ግላዲያተር።

ዘር_አለኝ

ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። ካለፈው ዓመት የተረፈ የፓርስኒፕ ዘር አለኝ። ፓኬቱ ተከፍቷል፣ ግን ደረቅ ቦታ ነው የቆየው። ይሠራል? ወይስ ጥዬው አዲስ ልግዛ?

ጠብታ_ውሃ

@ዘር_አለኝ ብዙ ተስፋ አታድርግበት። የፓርስኒፕ ዘር ዕድሜው አጭር ነው፣ ከአትክልት ዘሮች ሁሉ አጭር ከሚባሉት አንዱ ነው። የቲማቲም ዘር ዓመታት ይቆያል። የፓርስኒፕ ግን ለአንድ ወቅት ነው የሚታመነው። ሁሉም ይሞታል ማለት አይደለም። ከሞተው ያልሞተውን በዓይን አትለየውም፣ መስመር ሙሉ ዘርተህ አንድ ወር ትጠብቅና ባዶ ታቅፋለህ።

ከመጣልህ በፊት ግን ፈትነው። ይህ ዘዴ ለጀማሪው_ጓሮም ይጠቅመዋል፣ አዲስ ዘር ላይም ይሠራል።

ሶፍት ሁለት ሦስት ድርብ አድርገህ አጥፈው። በውሃ አርጥበውና ጨመቅ አድርገው፤ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይንጠብጠብ። 20 ዘር ቆጥረህ አራርቀህ አስቀምጥ። ዘሩ ጠፍጣፋ ነው፣ ዙሪያውን ስስ ክንፍ አለው፣ እንደ ገለባ ቀላል ስለሆነ ትንፋሽ ይበትነዋል። ስለዚህ መስኮት ዝጋ። ሌላ እርጥብ ሶፍት ከላይ ደርብና ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ክተተው። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ በሚሆን ክፍል ውስጥ አስቀምጠው። በየቀኑ ክዳኑን ከፍተህ አየር ስጠው፣ እርጥበቱንም እይ።

ከሳምንት በኋላ ቀረብ ብለህ ማየት ጀምር። ከዘሩ አንድ ጫፍ ላይ ነጭ ነጥብ ትታያለች። በማግሥቱ ወይ በሦስተኛው ቀን ነጥቧ ረዝማ ክር ትሆናለች። ለመዝራት የምትፈልገው ጊዜ ይህ ነው፣ ክሯ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ስትሆን። ከዚያ በላይ ከተውካት ሶፍቱ ውስጥ ትሰካለች፣ ስታነሳት ትበጠሳለች። በጣት አትንካት። በወረንጦ የዘሩን ክንፍ ይዘህ፣ ሥሯን ሳትነካ አንሳ። አስቀድመህ ባረጠብከው መስመር ላይ አስቀምጣት፣ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር አልብሳት። ከዚያ በኋላ መደቡ አንድ ቀን እንኳ መድረቅ የለበትም።

በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ከ20ው ከግማሽ በታች ከበቀለ አዲስ ዘር ግዛ። ወደ ግማሽ ከሆነ ደግሞ እጥፍ አድርገህ ዝራው።

ጀማሪው_ጓሮ

እንዴት ደስ ይላል፣ እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ፣ ዋይት ጄምን መርጫለሁ። የሶፍቱንም ዘዴ እሞክረዋለሁ።

ሁለት ነገር ግን አልገባኝም። ሁላችሁም ካንከር ካንከር ትላላችሁ፣ እንዴት ነው የማውቀው? ሁለተኛ፣ ዘሩ ሦስት ሳምንት የሚተኛ ከሆነ መስመሩ የት እንዳለ እንዴት አውቃለሁ? አረም ስነቅል አብሬ እንዳልኮተኩተው ነው።

እትዬ_መደብ

ከሁለተኛው ልጀምር፣ እሱ ቀላል ነው። በዚያው መስመር ላይ ራዲሽ ጣል ጣል አድርግ። ራዲሽ በቀናት ውስጥ ይበቅላል፣ መስመሩን ያሳይሃል፣ የላዩን የተጋገረ አፈርም ይሰነጥቅልሃል። ፓርስኒፑ ቅጠል አውጥቶ ቦታ ሲፈልግ ራዲሹ ተነቅሏል። ስትነቅል ግን በቀስታ፣ አጠገቡ ያለውን ቡቃያ በጣትህ ደገፍ አድርገህ።

አዘራሩ እንዲህ ነው። በመስመርና በመስመር መካከል 30 ሴንቲ ሜትር። በመስመሩ ላይ በየ15 ሴንቲ ሜትር ሦስት ሦስት ዘር፣ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት። ሲበቅሉ አንዱን አስቀር። የሚሳሳውን ከመንቀል በመቀስ ከሥሩ ቆርጠው፣ የጎረቤቱ ሥር እንዳይነቃነቅ። ነፋስ ባለበት ቀን አትዝራ።

ወደ ካንከር ልምጣ። የሚጀምረው ከሥሩ ትከሻ ላይ ነው፣ ቅጠሉ ከሚወጣበት አጠገብ። መጀመሪያ ዝገት የመሰለ ብርቱካናማ ወይም ቡናማ ሻካራ ቦታ ታያለህ። አንዳንዴ ጥቁር ወይም ወይን ጠጅ ይሆናል። ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ውስጡ ይበሰብሳል። ቅጠሉ ላይ ምንም ሳታይ ታች ሥሩ ሊበላሽ ይችላል። የሚያመጡት ፈንገሶች ናቸው፤ በጣም የታወቀው ኢተርሶኒሊያ የሚባለው ነው። ተክሉ ላይ ከያዘ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ሥራው ሁሉ አስቀድሞ መከላከል ነው።

ፈንገሱ መግቢያ ቀዳዳ ይፈልጋል። ስለዚህ ሥሩን ከቁስል ጠብቀው። ስትኮተኩት መኮትኮቻው ትከሻውን እንዳይነካው። አፈሩ ለረጅም ጊዜ ደርቆ ድንገት ከባድ ዝናብ ሲመጣ ሥሩ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በድርቅ ጊዜ በየሳምንቱ ጠለቅ አድርገህ አጠጣ፣ ጉዝጓዝም አልብሰው። ትከሻው ከአፈር ውጭ ብቅ ካለ አፈር አስታቅፈው። ቅጠሉ ላይ ያለው ፈንገስ በዝናብ ታጥቦ ወደ ሥሩ ሲወርድ ያ አፈር ይከለክለዋል። አፈርህ አሲዳማ ከሆነ ቀደም ብለህ ኖራ ጨምርበት፣ ፒኤቹ ከ6.5 እስከ 7 ቢሆን ይስማማዋል።

ትልቁ ቁስል አድራጊ ደግሞ የካሮት ዝንብ ነው። እጯ ሥሩን ሰርስራ ትገባለች፣ ፈንገሱም ተከትሎ ይገባል። የመጀመሪያው የዝንብ ትውልድ የሚበረው በጸደይ ነው። ከሜይ መጨረሻ በኋላ የተዘራ ፓርስኒፕ አብዛኛውን ያንን ዙር ያመልጣል። አለዚያ ከዘራህበት ቀን ጀምሮ በስስ መረብ ሸፍነው፣ ጠርዙንም አፈር ውስጥ ቅበረው። ካሮት፣ ሰለሪ ወይም ፓርስሊ በነበረበት መደብ ላይም አትዝራ። ቢያንስ ሦስት ዓመት ይለፈው።

ረጅም_ሥር

እትዬ ስለ ዝንቡ ያሉት ትክክል ነው። እኔ ቀደም ብዬ የምዘራው ሽፋኑን ስለማላነሳ ነው፤ ያለ መረብ ቢሆን ይህን አልመክርም።

አንድ ልጨምር። ፍግ። ትኩስ ፍግ የገባበት መደብ ላይ ፓርስኒፕ አትዝሩ። ቅጠሉ ያምራል፣ ሥሩ ግን ይቀነጠባል ይባላል። መቀንጠቡን ይበልጥ የሚያመጡት ጠጠርና ጠንካራ አፈር እንደሆኑ የሚከራከሩ አሉ፣ እኔም ወደዚያ አዘነብላለሁ። ቢሆንም ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠል እንጂ ሥር አይወፍርም። ባለፈው ወቅት ፍግ ያገኘ መደብ ይበቃዋል።

ቆላ_ነኝ

እኔ ያለሁበት ውርጭ የሚባል ነገር የለም። በጣም በሚቀዘቅዝበት ወር እንኳ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች አይወርድም። ፓርስኒፕ ያለ ውርጭ አይጣፍጥም ሲባል እሰማለሁ። ድካሜ ከንቱ ነው ማለት ነው?

አፈር_አንባቢ

@ቆላ_ነኝ ከንቱ አይደለም፣ ግን አቆጣጠርህ ይለያል። ፓርስኒፕ በደንብ የሚያድገው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ገደማ ባለ አየር ነው። ብርዱን ለሚፈሩት ጭንቀቱ የአፈሩ መሞቅ ነው፣ ላንተ ደግሞ የአፈሩ መቀዝቀዝ። የሙቀቱ ወቅት ሲሰበር፣ አፈሩ ከ25 ዲግሪ በታች ሲወርድ ዝራ። ሥሩ የሚወፍርበት ጊዜ ከቀዝቃዛዎቹ ወራት ጋር እንዲገጥም ነው የምትፈልገው። ከዘራህ በኋላ ቡቃያው እስኪወጣ መስመሩን በጣውላ ወይም በጆንያ ሸፍነው። ጥላ ይሰጠዋል፣ እርጥበቱንም ይይዛል። ግን በየቀኑ ከፍተህ እይ፤ የመጀመሪያዋ ቡቃያ እንደታየች አንሳው።

ጣፋጭነቱን በተመለከተ፣ ሥራውን የሚሠራው ቅዝቃዜው ነው። ተክሉ ሲበርደው በሥሩ ያከማቸውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል። ይህ ከመሬት ከወጣ በኋላም ይቀጥላል። ስለዚህ ከነቀልከው በኋላ ቅጠሉን ቆርጠህ፣ ሳታጥበው፣ ቀዳዳ ባለው ፌስታል አድርገህ ከ0 እስከ 2 ዲግሪ ባለ የፍሪጅ ክፍል ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆየው። ከዚያ ቅመሰው። በተነቀለበት ቀን ከነበረው ጋር ልዩነቱን ራስህ ትለየዋለህ።

ጠብታ_ውሃ

ማንም ስላላነሳው ልናገር። ይህ ሊታለፍ የማይገባው ነው።

የፓርስኒፕ ቅጠልና ግንድ ፈሳሽ ቆዳ ያቃጥላል። ፈሳሹ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ቆዳ ላይ አርፈው ፀሐይ ሲያገኛቸው ያቃጥላሉ። ወዲያው አይሰማም። በማግሥቱ ወይ በሁለተኛው ቀን ቆዳው ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ጠባሳው ለወራት ሊቆይ ይችላል። ስታሳሱም፣ ስትኮተኩቱም፣ ቅጠል ስትቆርጡም ጓንትና እጅጌ ረጅም ልብስ ልበሱ። ፀሐይ ሲበረታ አትሥሩት፤ ደመናማ ቀን ወይም አመሻሽ ይሻላል። ፈሳሹ ከነካችሁ ቶሎ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፣ ቦታውንም ከፀሐይ ሸፍኑ። ልጆች ወደ መደቡ ከመጡ አስጠንቅቋቸው። የሚበላው ሥር ግን በዚህ አያሰጋም፣ ልጣችሁ ብሉት።

ጀማሪው_ጓሮ

ይህን በፍጹም አላውቅም ነበር፣ ተባረክ። ጓንት ገዝቼ ነው የምጀምረው።

እቅዴ ይኸው። አፈሩን ጠዋት ጠዋት እለካለሁ። 10 ዲግሪ ሲረጋ ዋይት ጄምን በሁለት መስመር እዘራለሁ፣ ራዲሽ እየጣልኩ። ከዘሩ ግማሹን በሶፍት አስነቅቼ፣ ግማሹን ደረቁን። መረብ አለብሰዋለሁ። ሆሎው ክራውንን ለአንድ ጥልቅ በርሜል እተወዋለሁ።

የቀረኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ዘሩ በየዓመቱ የሚሞት ከሆነ ከራሴ ተክል ዘር መያዝ እችላለሁ?

እትዬ_መደብ

ትችላለህ ልጄ፣ ከዋይት ጄምና ከሆሎው ክራውን። ከግላዲያተር አትያዝ፤ ድቅል ስለሆነ ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም።

ፓርስኒፕ የሁለት ዓመት ተክል ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሥር ያወጣል፣ ብርዱን ካሳለፈ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ያብባል። ስለዚህ ከምትነቅለው ውስጥ ቀጥ ያለውን፣ ጤናማውንና ደህና መጠን ያለውን ምረጥና መልሰህ ትከለው፣ ወይም መሬት ውስጥ ተወው። አንድ ብቻ አትተው፣ በርከት ያሉ ይሁኑ፤ ከጥቂት ተክል የተያዘ ዘር ከትውልድ ወደ ትውልድ እየደከመ ይሄዳል። ሁለቱ ዝርያዎች ግን በአንድ ዓመት አብረው እንዲያብቡ አታድርግ። ነፍሳት የአበባውን ብናኝ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚያዛውሩ ይዳቀላሉ። የዱር ፓርስኒፕ በአቅራቢያህ ካለም እንደዚያው ነው።

ከሰው ቁመት በላይ ሊሄድ ስለሚችል ድጋፍ ስጠው። አበባው ጃንጥላ ቅርጽ አለው። መጀመሪያ የሚወጣው የመሃለኛው ትልቁ ጃንጥላ የተሻለውን ዘር ይሰጥሃል፣ የጎኖቹ ዘር አነስ ይላል። ዘሩ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ቶሎ ቁረጠው፣ ነፋስ ከቀደመህ ጓሮውን ሁሉ ይዘራልሃል። ጓንቱን እዚህ ላይም አትርሳ፤ ያበበ ፓርስኒፕም ያቃጥላል። ዘሩን በወረቀት ከረጢት አድርገህ ዓመተ ምሕረቱን ጻፍበት። የሚቀጥለው ጸደይ ላይ ዝራው።